የነገን ጭንቀት እግዚአብሔር ያነሣል፦ ምስክርነት ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ስለ ነገ እየተገላበጠ የሚያነጋ ብዙ ነው፤ ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የቤት ኪራይ የደረሰባት እናት። እግዚአብሔር ከዚህ ጭንቀት እንደሚያወጣ አፋችንን ሞልተን እንመሰክራለን። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ምስክራችን ናት፤ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች (የማህዲ ጦር) የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ እሷ ተረፈች። የንብ መንጋ ከግቢዋ ወጥቶ ጠላትን እንደመለሰ አባቶች ይናገራሉ። ዛሬም ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩት ያገኛቸዋል።

ነገር ግን ብዙ ሰው ጸለይኩ ሲል ጭንቀቱን ነው ደግሞ ደጋግሞ ለራሱ ያወራው። «ባላልፍስ? ባይሳካስ?» እያለ ግማሽ ሰዓት ይቆምና ከበፊቱ ብሶበት ይቀመጣል። ሐዋርያው በፊልጵስዩስ 4፥6 ልመናችሁን «ከምስጋና ጋር» አስታውቁ ያለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዛሬ የተደረገልህን በስሙ እየጠራህ አመስግን፦ የበላኸውን፣ የጠየቀህን ዘመድ፣ ከሕመም የተነሣውን ልጅ። ከዚያ ልመናህን በአንድ ዐረፍተ ነገር አቅርብ፤ «የዚህን ወር ኪራይ ስጠኝ» በል እንጂ የአሥር ዓመቱን ሁሉ አታምጣ። በዘጸአት 16 መናው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጎሞር የሚባል መስፈሪያ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም። ጌታም ያስተማረን የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን ነው።

ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲጠፋ ተኝቶ መጸለይ አይሆንም፤ ሐሳብ ይወስድሃል። ተነሥተህ ፊትህን ታጠብ፣ ወደ ምሥራቅ ቁም፣ አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገም። ቀጥሎ መቁጠሪያህን ይዘህ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በል። ቀስ ብለህ፣ ከትንፋሽህ ጋር! ሐሳብ ሲሸሽ ጣትህ የያዘችው ፍሬ ትመልሰዋለች፤ በጥድፊያ የሚቆጥር ግን ይህን አያገኝም። መጨረሻ ላይ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር አንብብ፤ በዳዊታችን 90ኛው ነው፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ግን 91 ተብሎ ተቆጥሯልና አትደናገር።

ጀማሪ ሰው ዳዊቱን በየዕለቱ ድርሻ ልድገም ብሎ ሲነሣ ለሰኞ ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ይደርሰዋል። ረቡዕ ላይ ያቋርጣል፣ ከዚያ «ጸሎቴን ተውኩ» የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨመርበታል። በቀን አንድ መዝሙር ይበቃል፤ ቢጨምርም ከንስሐ አባቱ ተማክሮ ይሁን።

ሰውነትም አይረሳ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና ሲተኛም ቀስቅሶ ደግሞ አበላው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ማታ ቡና ይተው፤ ከአቅም በላይ ጾምና ትጋትም አይጀምር። ለሳምንታት እንቅልፍ እንቢ ካለ፣ ልብ ያለ ምክንያት ከደለቀ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ራስን የመጉዳቱ ግን ለነገ አይባልም፣ ሰውየውም ብቻውን አይተው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር ፈጠረው ይላል። ጸበል ስትገባ መድኃኒትህን አትጣል። ጠንቋይ ቤት መሄድ ግን ፍርሃቱን ያበዛዋል፤ የነገረህ እውነት ይሁን ሐሰት ሳታውቅ ዕድሜ ልክህን ስትጠብቀው ትኖራለህ።

መልሱ ሁልጊዜ ሥራውና ውጤቱ ሆኖ አይጀምርም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው እንቅልፍ ነው፤ ኪራዩ ገና ሳይከፈል ልብ ያርፋል። «አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም» የተባለው ይህ ነው፣ እኛም የምንመሰክረው ይህንን ነው። ጉዳዩ ሲፈጸም ደግሞ ስለቱን ሳያዘገይ ያግባ፤ ለሥላሴ የተሳለ ወር በገባ በ7፣ ካልሆነም ለጥር 7 ወይም ለሐምሌ 7 ያድርስ፤ ጧፉን ሲያበራም ሌሎች እንዲበረቱ የተደረገለትን ይናገር።