ጎረቤቱ የከፋበት ቺፕ

ትናንት ሌሊት ከአንድ ዌፈር (ብዙ ቺፖች አንድ ላይ ከሚሠሩበት ስስ የሲሊከን ሳህን) ላይ 11 ደህና ቺፖች አስጣልኩ። ሁሉም ፈተናውን አልፈዋል። ጥፋታቸው በዙሪያቸው ያሉት መውደቃቸው ብቻ ነው።

የምሠራው ቴክሳስ፣ የመኪና ቺፕ በሚፈተንበት ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። ማሽኑ ዌፈሩን ፈትሾ ካርታ ያወጣል፦ ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ። በቀይ የተከበበ አረንጓዴ ካየን እሱንም ቀይ እናደርገዋለን። ብልሽት ብዙ ጊዜ ተበታትኖ አይመጣም፤ ጭረትም ሆነ ብናኝ አንድ ሰፈር ላይ ያርፋል። ጎረቤቱን የገደለው ነገር የዚህኛውን ሽቦ ሳይበጥስ አቅጥኖት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያልፋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተር አጠገብ፣ ሙቀቱና ንዝረቱ ሲበረታ ይበጠሳል። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አበሻ ያውቃል።

ጠዋት ፈረቃ ስናስረክብ ጭቅጭቁ ይጀመራል። የአለቃዬ ውጤት የሚለካው በይልድ ነው፤ ከመቶው ስንቱ ለሽያጭ በቃ? አልፈርድበትም። የጣልኩት ቺፕ ዋጋ በዚያው ጠዋት በዶላር ይታያል። መንገድ ላይ ያልቆመውን መኪና ግን ማን ይቆጥረዋል?

አንድ ቀን የኢንቴልን ታሪክ አነሳሁበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ ለተባለው ፕሮሰሰሩ ያወጣውን ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎች የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ማጓጓዝ አቆመ። አንድ ትራንዚስተር ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየደረሰው ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ፣ ከስድስቱ የሳታ ፖርቶች (ሃርድ ዲስክ የሚሰካባቸው) አራቱ በጊዜ ብዛት ይደክማሉ። ቺፖቹ የፋብሪካውን ፈተና አልፈው ገበያ ገብተዋል። ለጥገናና ለመተኪያ 700 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀረ ሽያጭ ደግሞ 300 ሚሊዮን ገደማ ገመቱ። ማስተካከያው አንድ የብረት ንጣፍ መለወጥ ብቻ ነበር!

አለቃዬ ሳቀ። «እሱ የዲዛይን ስህተት ነው፤ ሁሉም ቺፕ ላይ አለ። ጎረቤት ማየት ምን ያደርግልሃል?» እውነቱን ነው፤ ክርክሬን በአንድ አረፍተ ነገር አፈረሰው። ሌላው መንገድ፣ ቺፑን ከሽያጭ በፊት ምድጃ ውስጥ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ማብሰሉም ቢሆን ደካማውን ቀድሞ ይገድላል እንጂ ሁሉን አያጋልጥም፤ ሰዓትም ገንዘብም ይበላል።

እሑድ ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ እኔስ ከበሰበሰ ሽንኩርት ጎን የነበረውን መቼ አስቀምጠዋለሁ?» አለችኝ። «አልጥለውም ግን። የዕለቱ ወጥ ውስጥ እከተዋለሁ።»

የሽያጭ ክፍላችንም የጠየቀው ይህንኑ ነበር፦ ለመኪና ካልሆነ ለአሻንጉሊት ይሸጥ። አልተፈቀደላቸውም። ለእማዬ ግን «ልክ ነሽ» አልኳት።