ምጣዱ ወይስ መኪናው

ጥር 9፣ ደብረ ብርሃን

ከትናንት ወዲያ አክስቴ ቤት የሥላሴ ዝክር ነበር። እኔን ግን እስካሁን የሚያስቀኝ የዋዜማው ማታ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ሦስት ወሩ ነው፤ ወደ አገር ቤት ይዟት ሲመጣ ግን የመጀመሪያው። ነጭ ናት። አናቷ መስታወት ነው፣ ውስጧ ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያክል ስክሪን አለ። ጠባሴ ደጃችን ደርሶ ቆመ። የወጣለት የለም። ማን ሰምቶ ይውጣ? አክስቴ እኮ የመንደሩን አይሱዙ ሁሉ በድምፁ ትለያለች፤ ሊጥ እያቦካች "ይኼ የእንትና ነው፣ ዛሬ ባዶውን ነው የመጣው" ትላለች። የገዛ ልጇ ሲመጣ ግን ምንም አልሰማች። በመጨረሻ ደወለ፦ "እማዬ፣ በር ላይ ነኝ፣ ክፈቱልኝ።"

ያን ጊዜ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ልጆቹ መስታወቷን በአፍንጫቸው አጠቡት። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሁለት ጊዜ ዞሯትና፣ "ደኅና ናት? ድምፅ የላትም" አሉ።

"ነዳጅ አትጠጣም አባባ። በመብራት ነው የምትሄደው።"

"ታዲያ መብራት ሲጠፋስ?"

ዘመዴ መልስ አልነበረውም። ስክሪኑን ማሳየት ጀመረ።

ባትሪዋ 31 ከመቶ ቀርቷል። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ከተማ ውስጥ ሲዞርባት ውሎ ሳይሞላት ነው የተነሣው። ገመዱን በማድ ቤቱ መስኮት አስገብቶ ሰካ። አክስቴ እዚያው ማድ ቤት የዝክሩን እንጀራ እየጋገረች ነው። የመብራት ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የመኪናዋ ገመድ 2 ያህል። ሁለቱ ሲደራረቡ ብሬከሩ ጧ! አለ፣ ቤቱ ጨለመ። መልሰን አነሣነው። አሁንም ጧ! እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ደርቆ ቀረ። አክስቴ አክምባሎውን እንደያዘች ብቅ አለች፦

"አንተ ልጅ! ሥላሴን በጥሬ ሊጥ ላዘክር ነው? ንቀል!"

ነቀለ። ያ ሁሉ ሚሊዮን ብር የወጣባት መኪና ውርጭ ላይ ቆማ ተራዋን ጠበቀች። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ተፈቀደላት።

ተኝቼ ሳስበው፣ ያቺ መኪና አዲስ አበባ ስትሆን ሌላ ናት። ቦሌ ላይ ድምፅ አልባነቷ ራሱ ኩራት ነው፤ የነዳጅ ሰልፉን በመስታወት እያየህ ታልፋለህ። እኛ ጋ ግን ዛሬም የሚከበረው ከፍ ብሎ የቆመ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ አንኮበር ተነሥ ሲሉት የማያንገራግር መኪና ነው። ለሠርግ ቀድሞ የሚፈለገው ላንድክሩዘር ነው። ሰው "የከተማ ልጅ መኪና" ሲላት ሙገሳም ነው፣ ሽሙጥም ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ አገር ያነገሣት ፍቅር ሳይሆን ሕግ ነው። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም ተባለ። አዲስ መኪና የፈለገ ሰው ወዴት ይሂድ? ዘመዴ ግን "አስቀድሜ የወደፊቱን አይቼ ነው" ይላል። ይበል።

አብሮ አደጌ ኦስሎ ይኖራል። ፎቶዋን ስልክለት በሣቅ ነው የመለሰልኝ። ኖርዌይ ነዳጅ እየሸጠ የሚያድር አገር ነው፤ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡለት አዲስ መኪኖች ከመቶው 89 ያህሉ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ በአውቶቡስ መስመር መሄድ ተፈቅዶላቸው ስለነበር ይቀናባቸው ነበር አሉ። አሁን ዞሮ የሚያያቸው የለም። ሻንጋይ ደግሞ የነዳጅ መኪና የፈለገ ሰው ለሰሌዳው ብቻ በጨረታ 90,000 ዩዋን አካባቢ ሲከፍል ኖሯል፤ የኤሌክትሪኩ አረንጓዴ ሰሌዳ ግን በነጻ ነበር። አሜሪካኖቹማ ጉድ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴስላ መያዝ የዐዋቂ ምልክት ነበር፤ በኋላ የድርጅቱ አለቃ ፖለቲካ ያስቆጣቸው አንዳንድ ባለ መኪኖች "እሱ እንዲህ ሳይሆን ነው የገዛሁት" የሚል ተለጣፊ ኋላዋ ላይ ለጠፉ። መኪናዋ ያው መኪና ናት።

የእኛ ሰው ይኼን ቀድሞ ያውቀዋል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ "አባ ዳኘው" የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ዛሬም ሰውን በሚነዳው እንጠራለን፦ ባለ ጋሪው፣ ባለ ባጃጁ፣ ባለ ቪ8ቱ። ጋሪን ካነሣሁ፣ ትናንት ጠዋት አንድ ፈረስ መንገድ መሐል ቆሞ አላሳልፍም አለን። ባለ ጋሪው ጀርባውን ሰጥቶ ያፏጫል፤ ኋላው መኪና እንዳለ አላወቀም። ዘመዴ ክላክስ ለማድረግ አፈረ። ወርጄ ትከሻውን ነካሁት።

ያን ቀን ደብረ ሲና ይዞኝ ወረደ። መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ነው የወጣነው። ጣርማ በር ዋሻውን ስናልፍ ስክሪኑ 38 ይላል። ከዚያ ቁልቁለቱ ያዘን፤ እሱ ፍሬን ሳይነካ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ (ነዳጅ የለም እንጂ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው)። መኪናዋ ራሷን እየያዘች፣ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ እየመለሰች ወረደች። ታች ስንደርስ 40። ባዶ ገደል አጠገብ ሁለት ነጥብ አተረፍን። እዚህ ላይ፣ አልዋሽም፣ ቀናሁበት።

ስንመለስ ያተረፍነው በዳገቱ ወጥቶብናል። ማታ ጠባሴ ስንገባ አንድ ልጅ ከአጥሩ ላይ ዘሎ ወረደና ወደ ውስጥ እየሮጠ ጮኸ፦

"እትዬ፣ ባለ ገመዱ መጥተዋል! ምጣዱን ያጥፉ!"