የባሕር ዳር በረራና የአጎቴ አቮካዶ

የዓባይን በረሃ ባየሁ ቁጥር የፍሬን ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ከመራዊ አዲስ አበባ የምንሄደው በአውቶቡስ ነበር። ደብረ ማርቆስ እናድራለን። በማግሥቱ ከደጀን ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ ይሸታል፣ ሕፃናት ያስመልሳቸዋል፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ኪዳነ ምሕረት አንቺ ታውቂያለሽ" ትላለች። ድልድዩን ተሻግረን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ አንድም ሰው ጮክ ብሎ አያወራም።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ያንኑ በረሃ በአውሮፕላን መስኮት አየሁት። አስተናጋጇ ውኃ አድላ ሳትጨርስ አልፈነዋል። ወንዙ ከላይ ሲታይ ክር ያክላል። ድልድዩን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ወደ መስኮቱ አላዩም። ጭናቸው ላይ ትልቅ የራጅ ፖስታ ይዘዋል። ለሕክምና አዲስ አበባ ሰንብተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። "ልጄ ነው ትኬቱን የቆረጠልኝ፤ መንገዱ ደግ አይደለም ብሎ። እኔስ በአውቶቡስ እሄድ ነበር" አሉኝ። ከፊታችን ሁለት ነጋዴዎች በስልክ ያነሱትን የዕቃ ፎቶ ያያሉ። ከኋላ አንዲት ተማሪ ተኝታለች። ድሮ በዚህ መስመር ስበር ግማሹ ተሳፋሪ ካሜራ ያንጠለጠለ የውጭ አገር ሰው ነበር። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ የሚዞር። አሁን አብዛኛው የእኛው ሰው ነው። ባለፉት ዓመታት የየብሱ መንገድ ሲያስፈራ፣ አቅም ያለውም የሌለውም ወደ አውሮፕላን ዞረ። ከብት ሸጦ ትኬት የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። በረራ ለጎጃም ሰው የቅንጦት ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለ ኤርፖርት ስናወራ መጀመሪያ ይህን ማወቅ ያለብን ይመስለኛል።

ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ጣና ታየ። ያረፍንበት ኤርፖርት ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ ዛሬ ስሙ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። አባ ኮስትር ከፋሺስት ጋር አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋግተው፣ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገራቸው በስቅላት የሞቱ አርበኛ ናቸው። አብራሪው "እንኳን ወደ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት በሰላም መጣችሁ" ሲል እኚያ እናት አማተቡ። እኔም ሆዴ ተላወሰ።

ማኮብኮቢያው 3,000 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ያህል ርዝመት ለከተማዋ ይበዛል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ግን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ለመነሣት ብዙ መሮጥ አለበት፤ ሲሞቅና ጭነት ሲበዛ ደግሞ የባሰ። እና ያ ሜዳ ለአገሩ ከፍታ የተሰፋ ልብስ ነው እንጂ አልበዛም። ትልልቅ አውሮፕላን የሚያስተናግድ አስፋልት አለን ማለት ነው። ያነሰው ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

በር ላይ የታክሲና የባጃጅ ሾፌሮች ቆመዋል። ያሳፈረኝ ልጅ የዕለቱን ፍላይት ሁሉ በቃሉ ያውቃል። የቱ በሰዓቱ እንደመጣ፣ የቱ እንደዘገየ። ምሳውን የሚበላው በእሱ ነው። "ከአሥር ሰዓቱ በፊት ዓይኔን አልከድንም" አለኝ። የሆቴል አልጋ አንጣፊዋም፣ አንሶላ አጣቢዋም፣ ዓሣ የምትጠብሰዋም በዚያው ሰዓት ነው የሚኖሩት። ይህን በደንብ የገባኝ ግን ጣና ዳር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ ጎልማሳ ባለ ጀልባ ሞተሩን እየወለወለ ነበር። እንደምን አደርክ ተባባልን፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ከሩቅ ድምፅ ተሰማ። ቀና እንኳ አላለም።

"ይቺ ኪው ናት" አለ።

ኪው 400 ማለቱ ነው፤ ባለ ፕሮፔለሯን። እውነትም ብቅ ስትል እሷው ሆነች።

"እንዴት አወቅህ ጋሼ?"

"ኪው ታንጎራጉራለች። ቦይንግ ያጓራል። ወንድምዓለም፣ እኔ በጆሮዬ ነው የምኖር። ቦይንግ ከሆነ ለባለቤቴ ደውዬ ዛሬ እንግዳ ሊኖር ይችላል እላታለሁ።"

ከዚያ እጁን በጨርቁ ጠርጎ ስለ ነሐሴ 2015 ነገረኝ። በክልሉ ግጭት ተነሥቶ በረራው ለቀናት የተቋረጠ ጊዜ። "ሰማዩ ጭጭ አለ። እንዲህ ጭጭ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩን ከጀልባው ፈትቼ ቤት አስገባሁት።" በረራው ቆይቶ ተጀመረ፤ እንግዳው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ከዚያ በፊት ኮሮና ነበር፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት። ይህ ሰው ሦስቱንም በዚያች ጀልባ ነው ያሳለፈው።

አንድ እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያወጣው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። አልቸኮለም። መጀመሪያ ናፍጣ ሻጩ፣ አለ። ቀጥሎ እሱና ረዳቱ። ዘጌ ሲደርሱ የገዳሙ መግቢያ አለ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የሚያስጎበኘው ልጅ አለ። በመንገዱ ላይ ከጫካው የለቀሙትን ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ። ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ሠርተው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ሲመለሱ እንግዳው ይርበዋል፤ ቆሮሶ ይጠበሳል። ዓሣውን ያጠመደው ደግሞ ሌሊቱን በታንኳ ያደረ ሰው ነው። "አየህ፣ አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ሰው በአውሮፕላን ይበላል" አለኝ። ይህን ያህል ግልጥ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

ባሕር ዳር ራሷ እንዲህ ነው ያደገችው፤ አንድ ትልቅ ነገር ሲመጣ ብዙ ትንንሽ ነገር እየጎተተ። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲተከሉ፣ ጢስ ዓባይ ላይ መብራት ሲመነጭ፣ የሐይቅ ዳሯ መንደር ከተማ ሆነች። ግንቦት 2016 ላይ ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ማታ መብራቱ ሲበራ ሰው በእግሩ ይንሸራሸርበታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ያምራል።

ጎጃም ለአውሮፕላን እንግዳም አይደለችም። ድሮ ዳኮታ ደብረ ማርቆስም ሞጣም ያርፍ ነበር። አባቴ ሲያወራ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል እረኞቹ ከብቱን ከሜዳው እየተሯሯጡ ያስወጡ ነበር። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም ዘመናዊ ኤርፖርት ተጀምሯል። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ይህ የማርና የወተት ያህል ነው።

ወደ መራዊ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሩቅ አይደለም፤ ኬላው ነው የሚያዘገየው። መራዊ ማለት ቆጋ ነው። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ ያጠጣል። በጥር፣ ሌላው አገር ሲደርቅ፣ ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ስንዴው አረንጓዴ ነው፣ ሽንኩርቱ ይሸታል። አጎቴ ከስንዴው ዳር አቮካዶ ተክሏል። ሃስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልጡ ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ውጭ አገር የሚፈለገው።

አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም። የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቀሱ የፍሬውን ዘንግ ከነካበት ቅጽበት ነው። አጎቴ ይህን በምሬት ያውቀዋል። ደላላው መኪና እስኪሞላ ይጠብቃል። መኪናው ኬላ ላይ ይቆማል። በረሃው ውስጥ ሸራው ሥር ይቀቀላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ከታች ያለው ሳጥን ተጨፍልቋል፤ ደላላው የተጨፈለቀውን ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

"አውሮፕላኑ ከቤታችን በላይ በየቀኑ ያልፋል" አለኝ፣ በመቀሱ ወደ ሰማይ እያመለከተ። "ባዶ ሆዱን ነው የሚያልፍ?"

ኤርፖርቱ የሚጎድለው ምን እንደሆነ የገለጸልኝ ይህ ጥያቄ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚገባ ጭነት ትንሽ ነው፣ በተለይ የኪው። ፍሬ ለማውጣት ቀዝቃዛ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ፍሬው ከማሳ እንደወጣ ሙቀቱን የሚያወርድ። የሚለይበት፣ የሚታሸግበት ቦታ ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ቢዘገይ ፍሬው ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ። ከማሳው እስከ ማኮብኮቢያው ያለው መንገድም ሰላም መሆን አለበት። ማስፋፋት ሲባል ሁላችንም የመስታወት ተርሚናል ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። እኔ ግን ለባሕር ዳር ከመስታወቱ በፊት ቀዝቃዛውን ክፍል እመኝላታለሁ። አስፋልቱ አለ። ውኃው አለ። ገበሬው መቀስ ይዞ ቆሟል።

ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ወሬው ወደ ቢሾፍቱ ዞረ። አዲሱ ኤርፖርት የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ጥር 2 ቀን 2018 ነው፤ ወሬው ገና ትኩስ ነበር። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን። አራት ማኮብኮቢያ። ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ሰፍቶ 22 ሚሊዮን ሲደርስ ተደንቀን እንደነበርም አስታወስኳቸው። የአጎቴ ሚስት እትዬ ጀበናዋን እንደያዘች ቀረች። አጎቴ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ገበሬውሳ?"

የማውቀውን ነገርኩት። ተነሺዎች ቤት እንደተሠራላቸው፣ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ተተኪ መሬት ያላገኘ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው የተሻለው የዓመት ገቢው 15 እጥፍ እንደሚታሰብለት። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ የአምስት ዓመቱን አማካይ 10 እጥፍ ነበር የሚለው። ተሻሽሏል ማለት ነው።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። "አሥራ አምስት ዓመት ያልቃል፣ አንተ ልጅ። ይቺን ማሳ አያቴ አርሷታል" አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ራሱ፣ "ግን ኤርፖርት አያስፈልግም አላልኩም። ለልጁ እዚያው ሥራ ከሰጡት፣ ያ ሌላ ነው" አለ። እኔም ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለኝም። መሬቱን የለቀቀ ሰው ልጅ እዚያ ቢሠራ፣ ቢያበስል፣ ቢያሽግ፣ አውሮፕላን ቢጠግን፣ ካሳው አያልቅም።

በመመለሻዬ ቀን አጎቴ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝ። በባትሪ ብርሃን 40 ፍሬ ቀጠፍን። እያንዳንዱን ከነዘንጉ ነው የሚቆርጠው፤ ዘንጉ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ ይበሰብሳል። እትዬ በካርቶን ውስጥ የጤፍ ገለባ ጎዘጎዘች፣ ደረደረች፣ በሲባጎ አሠረች። ኤርፖርት ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው ልቤ ይመታ ነበር። ኪሎው አላለፈም።

ቦሌ ላይ ካርቶኑ ከሻንጣዎቹ መካከል እየተንሸራተተ መጣ። ሲባጎው አልተፈታም። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ገለባው አሁንም የመራዊ ጠዋት ይሸታል። አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አርባውም ደኅና ናቸው፤ አንድም የተጨፈለቀ የለም። ለአጎቴ ደወልኩለት።

"ስንቱ ተረፈ?" አለኝ።

"ሁሉም ጋሼ።"

ስልኩ ውስጥ ለእትዬ ጮክ ብሎ ሲነግራት ሰማሁት።