ያላለቀ ምስክርነት

በትንሿ የጸሎት ቡድናችን ምስክርነት ሲባል ሁልጊዜ ድል ነበር። ታሞ የዳነ፣ ሥራ አጥቶ ያገኘ። እኔ የሚወራ አልነበረኝም። አባቴ ከሞተ በኋላ 7 ወር ሙሉ መጸለይ አቅቶኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ታዲያ ይሄ ምን ምስክርነት ይባላል?

አንድ ማታ ተራው ሲደርሰኝ ግን ከአፌ አመለጠኝ። "እኔ መጸለይ አልቻልኩም" አልኩ። ሁሉም ዝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከመጣች ጀምሮ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ አንዲት ልጅ "እኔም" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት ጋሼ ደግሞ ስብከት አልጀመሩም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው "አባትህን ምን ያስቀው ነበር?" አሉኝ።

በመጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያት ሥራ፣ ጳውሎስ ወደ ደማስቆ ሲሄድ ኢየሱስ የተገለጠለትን ታሪክ 3 ጊዜ ይነግረናል፤ በምዕራፍ 9፣ 22 እና 26። ድሮ ድግግሞሹ ይገርመኝ ነበር። አሁን የማየው ሌላ ነው። ጳውሎስ ራሱ ሲናገር አማኞችን ያሳድድ እንደነበር አይደብቅም።

እኛም ደንብ አወጣን። ሰው ሲናገር አይታረምም፤ የተሰማውም ከክፍሉ አይወጣም። (ሁለተኛውን የለመንኩት እኔ ነኝ። "ለጸሎት ነው" እየተባለ ስንት ሐሜት ተነዝቷል!)

ያቺ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። እኔም መጸለይ ጀምሬያለሁ። አጭር ነው፤ አንዳንዴ "ጌታ ሆይ" ብዬ እዚያው ዝም እላለሁ።