ስም የሌለበት ድምፅ

ከናይት ሥራ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እንዲህ ሲሆን እማዬ ጋ እደውል ነበር፤ ግን ጾም ነው፣ በዚህ ሰዓት ገና ከቅዳሴ አልወጣችም። ውጭው ዝናብ ነው። ምንም የሆንኩት ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ሆድ የሚያባባ ቀን ነው።

ጠረጴዛው ላይ ከፖስታ ሳጥን ያመጣሁት የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ተቀምጧል፣ ያ የሚያብረቀርቀው ዓይነት። እጩው እጅጌውን ሰብስቦ ከአንዲት አሮጊት ጋር ይስቃል። «ሁሌም ከሠራተኛው ጎን!» ይላል። ከሠራተኛው ጎን ያልቆመ እጩ እስከዛሬ በሳጥኔ ገብቶ አያውቅም። እስቲ እጁን የት እንዳነሳ ልየው ብዬ የስቴታችን የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰብበትን የአናፖሊስን መዝገብ ከፈትኩ። ለካ ሰውዬው አዲስ ነው፤ አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፣ የድሮ ሰውዬአችንን ሳነብ።

የድሮው ስል ጄሚ ራስኪንን ነው። አሁን ኮንግረስ ገብቶ አገር ያወቀው ሰው ከ2007 እስከ 2016 የእኛ የእነ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ የስቴት ሴናተር ነበር። ሜሪላንድ ሕግ የምታወጣው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል። በቀረው ጊዜ ሰውዬው ሕገ መንግሥት ያስተምር ነበር። ሴኔቱ 47 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ረቂቅ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀርብ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ድምፅ ሳይሰጥ ዝም አለ፣ ማን አስፈቅዶ ቀረ፣ ሁሉም ስም በስም ይጻፋል። ማንም ሰው ከሶፋው ሳይነሳ ያነበዋል። እኔም ከነዩኒፎርሜ አነበብኩት።

2011፣ ሰነድ የሌላቸው ልጆች እንደ ስቴቱ ነዋሪ እየከፈሉ ኮሌጅ እንዲማሩ፦ ደገፈ። 2013፣ የሞት ቅጣት ይቅር፦ ደገፈ፣ 27 ለ 20 አለፈ። (ሕጉ ወደኋላ ስለማይሠራ ቀድሞ የተፈረደባቸው አምስት ሰዎች እዚያው ነበር የቀሩት። በሕይወት የቆዩትን አራቱን በ2014 መጨረሻ ላይ ገዢው ኦማሊ ወደ ዕድሜ ልክ ባይለውጥላቸው ኖሮ ያ ሁሉ «ደገፈ» ለእነሱ ምንም አልነበረም።) 2012፣ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ፦ ደገፈ፣ 25 ለ 22።

እኛ ዘንድ ጨዋታው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ዘ. ስለ ሰውዬው ሲነሳ «ለልጆቹ ትምህርት እግዜር ይስጠው፣ ለዚያኛው ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለው» ትላለች፣ በአንድ ትንፋሽ። ገ. ደግሞ ይስቅባታል። «ሰው ከነመዝገቡ ነው የሚመረጠው፣ ክትፎ አይደለም ለብለብ አድርጉልኝ አይባልም» ይላታል። አንዴ የ2006ቱን ታሪክ ነገርኳት። ያኔ ራስኪን ገና አልተመረጠም፤ የሕግ መምህር ሆኖ ስለዚሁ ጋብቻ ምስክርነት ሊሰጥ ሴኔት ቀርቦ ነበር። አንዲት ሴናተር መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሰችበት። እሱም ቃለ መሐላ ስትፈጽሚ እጅሽን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭነሽ ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ ማልሽ እንጂ፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ጭነሽ መጽሐፍ ቅዱስን ለማስከበር አልማልሽም የሚል መልስ ሰጣት። እትዬ ዘ. መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አማተበች።

ዛሬ የያዘኝ ግን የ2012ቱ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ነው። በ2011 ያው የጋብቻ ረቂቅ ሴኔቱን 25 ለ 21 አልፎ ወደ ሌላኛው ምክር ቤት ሄደ። እዚያ 141 ሰዎች አሉ፣ ለማለፍ 71 ያስፈልጋል። መሪዎቹ ውስጥ ለውስጥ ቆጠሩ፣ አልሞላም። እና ምን አደረጉ? ለሙሉ ጉባኤው ቀርቦ ሲከራከሩበት ከዋሉ በኋላ ወደ ኮሚቴ ይመለስ አሉ። ተመለሰ። በስም የሚመዘገብ ድምፅ ሳይሰጥ አበቃ። በዓመቱ 72 ለ 67 ሲያልፍ ሁሉም ስሙ ተጻፈ፤ በዚያች የ2011 ማርች ቀን ግን ማን ሊደግፍ ነበር፣ ማን ደጅ ደጁን ሲያይ ነበር፣ መዝገቡ ጸጥ ነው። የዓመቱ ትልቁ ውሳኔ ያለ ስም አለፈ።

እኔ ያደግሁት ቴሌቪዥኑ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ሲል እየሰማሁ ስለሆነ ስም በስም የሚባለው ነገር ራሱ ቅንጦት ይመስለኛል። በእኛ አቆጣጠር ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ «በአንድ ተቃውሞ» መጣ። ከ547 መቀመጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ስለነበር፣ አንዱ ማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም ነበር። አባቴ ዜናው ላይ «አንድ ተቃውሞ» ሲባል «ግርማ ዛሬም ሥራ ገብቷል» ይል ነበር። በእኛው 2007 እሱም ቀረ፣ ወደ ሙሉ ድምፃችን ተመለስን።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን ነገር መጣብኝ። ያ የኦዲት ጉዳይ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ሞልቷል፣ የውጭ ኦዲተር ይቅጠር አይቅጠር ነው ነገሩ፤ ሰው እጅ ሊያወጣ ሲል አንድ ሰው «መሽቷል፣ ነገ ሥራ አለ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፍ» አለ። ተጨበጨበ። ተላለፈ። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲደርስ ግማሹ ምእመን ሌላ አዳራሽ ተከራይቶ ሌላ ማኅበር አቋቁሟል። እኔ ያን ጊዜ ከኋላ ሻይ እየቀዳሁ ስለነበር ድምፁን እንጂ ፊቱን አላየሁም። ጋሼ መ. ናቸው የሚሉ አሉ። ጋሼ መ. ደግሞ ያን ቀን ጭራሽ አልመጣሁም ይላሉ። ዛሬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «እኔ እኮ ይተላለፍ መባሉን ተቃውሜያለሁ» ይለኛል። እነዚህ ሁሉ ተቃውመው ቢሆን ያጨበጨበው ማነው? ወንበሮቹ?

እና ሶፋው ላይ ሆኜ መልሼ ሠራሁት። አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደ አናፖሊሱ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ የደገፈ አረንጓዴ፣ የተቃወመ ቀይ፣ አስፈቅዶ የቀረ በስሙ። ጋሼ መ. ቀሩ ወይስ አልቀሩም፣ ያልቃል። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ዲያቆን ሳይሆን ማሽን። በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሰሌዳው ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ሳይ ደስታዬ ቀዘቀዘ። የእትዬ ዘ. ልጅ ያገባችው የጋሼ መ.ን የወንድም ልጅ ነው። ክርስትናው፣ ልቅሶው፣ ሰርጉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን የተቀመጡት እኮ ማን ምን እንዳለ በወረቀት ስላልሰፈረ ነው። ሁለቱም «አልነበርኩበትም» ማለት ይችላሉ። የአናፖሊሶቹ ሴናተሮች በሚያዝያ ተለያይተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኛ በየሳምንቱ እሑድ አንድ በር ነው የምንገባው። ታዲያ ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? እውነቴን ነው፣ ለሰው ስናገር ይጻፍ እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን አላውቅም።

እኔስ ደግሞ። ኖቬምበር 2012 እነዚያ ሕጎች ወደ እኛው ወደ መራጮቹ መጥተው ነበር። ጥያቄ 4 የልጆቹ ትምህርት፣ ጥያቄ 6 ጋብቻው፣ ጥያቄ 7 ደግሞ የካዚኖ ቁማር። 4ን በሁለት እጄ ነው የደገፍኩት፣ ለማንም አልደብቅም። በ7 የተነሳ ናሽናል ሃርበር ላይ ካዚኖ ተሠራ፤ ገ. እዚያ ካርድ ስለሚያድል በእሱ አልከራከርም፣ የልጆቹ ወተት ነው። 6 ደግሞ 52 ከመቶ አግኝቶ አለፈ።

6 ላይ ምን እንዳደረግሁ ገ. ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይጠይቀኛል። የ47 ሰው ድምፅ ከነዩኒፎርሟ ስታገላብጥ የምታረፍደው ሴትዮ «የድምፅ ምስጢርነት የሚባል ነገር አለ» ትለዋለች። ባለፈው ገና ደግሞ እትዬ ዘ. ፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ድጋሚ ጠየቀኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስልክ እንደተደወለለት ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ስልኬ ለካ ጠረጴዛው ላይ፣ እትዬ ዘ. ፊት ለፊት ነበር።