የአውራ ጣቴ አሻራ

ወደዚያ ዝናባማ ደን ለአደን ስነሣ ያሳሰበኝ ጫማዬ እንጂ ጠመንጃዬ አልነበረም። ለጠመንጃውማ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ የተነጠፈበት፣ ዚፑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘጋ አዲስ ቦርሳ ገዝቼለት ነበር። ሻጩ «ሁሉንም ይከላከላል» ያለኝን የሚረጭ ዘይትም ጨምሬአለሁ፤ ዋጋውን ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ። የመኪናው ጉዞ ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ከጭቃ በቀር የሚወራ የለውም።

የመጀመሪያውን ቀን በካፊያ ስንንከራተት ዋልን፤ አንድም እንስሳ አላየንም። ማታ ምድጃው ፍም የሆነበት ክፍል ስገባ የቀዘቀዘው ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ላብ አወጣ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ይመስል ነበር። በእጅጌዬ ጠራርጌ፣ ያንን ዘይት ረጭቼ፣ ቦርሳውን ግጥም አድርጌ ዘጋሁና አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ጣሪያው ትራሴ አጠገብ ሲያንጠባጥብ አደረ። ጓደኛዬ ያንኮራፋል፤ እኔ ጠብታ እቆጥራለሁ።

ጠዋት ዚፑን ስከፍት ብረቱ ላይ ብርቱካንማ ጠቃጠቆ ፈልቷል። ከመቀርቀሪያው አጠገብ ደግሞ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ መስመሩ ሳይቀር፣ በዝገት ታትሟል። ላብ ጨው አለበት፤ እኔም ጠመንጃውን ቀኑን ሙሉ የያዝኩት እዚያው ላይ ነበር።

መንገድ መሪያችን ቃላት የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃውን ተቀብለው መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያ ቦርሳውን አየት አደረጉና «ልጄ፣ የረጠበ ልብስህን ሻንጣ ውስጥ ቆልፈህ ታሳድራለህ?» አሉኝ። አፈርኩ። ስፖንጁ እርጥበቱን ጠጥቶ ሌሊቱን በሙሉ ብረቱን ሲያጥብ አድሯል። ዘይቴም ውሃን ከብረት ላይ ገፍቶ ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፤ ስስ ስለሆነ ግን ቶሎ ይሳሳል፤ ለቀናት ጥበቃ አይታመንም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም።

የእሳቸው ቆርቆሮ ባሊስቶል ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ለጀርመን ጦር የተሠራ፣ ለብረትም ለእንጨትም ለቆዳም የሚያገለግል ዘይት። ሽታው ደስ አይልም። ጠቃጠቆውን እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሱፍና በዘይት ቀስ ብለው አሹት። እኔ ተቀብዬ ኃይል ስጨምር እጄን ያዙኝ፤ ያ ጥቁር መልክ ቀለም ሳይሆን ከብረቱ ራሱ የወጣ ስስ ሽፋን ስለሆነ አብሮ ይላጣል። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትተው ብረቱን ከእንጨቱ ለዩት። ከሥር፣ እንጨቱና አፈሙዙ በሚገናኙበት፣ ውሃ ተኝቶ አገኘን። እኔ ብሆን ያንን ቦታ ለዓመታት አላየውም ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን ፕላስተሩን ነው። የአፈሙዙን ጫፍ በስስ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፈኑት። ሲተኮስስ? ጥይቱ ከመድረሱ በፊት ከፊቱ የሚገፋው አየር ፕላስተሩን ይበሳዋል። ላስቲክ ካፖርት ለብሼ ከምረጥበው ከእኔ ይልቅ ጠመንጃው በአንዲት ቁራጭ ፕላስተር ደርቆ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ስህተቴን ደገምኩ። ማታ የአፈሙዙን ውስጥ ዘይት ቀብቼ ነበር፤ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ረሳሁ። ደግነቱ ሽማግሌው አስቀድመው ጉቶ ላይ አስተኮሱኝ፤ የመጀመሪያዋ ጥይት ከምልክቱ አንድ ጋት ያህል ወደ ላይ አለፈች፤ ተከታዮቹ ሁለቱ ጎን ለጎን አረፉ። የጥይት መጉረሻውንም አስጠረጉኝ፤ ዘይት ካለበት ሲተኮስ ቀለሁ የመጉረሻውን ግድግዳ ስለማይዝ መቀርቀሪያው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል።

ከዚያ ወዲያ ጠመንጃዬ የሚያድረው እሳት በሌለበት፣ በሚቆለፍ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ዘይቱ ወደ እንጨቱ እንዳይወርድ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ። አሻራዬ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ወደ ብርሃን ሲዘነብል ደብዛዛ ጥላው ይታያል።

ቦርሳውን ምድጃው አጠገብ ገልብጬ ሰቅዬው ነበር። ልንመለስ ዕቃ ስንሸክፍ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ዙሪያውን ውሃ አወጣ።