ቅንጬ አረምና የጓሮዬ ሦስት ክረምት

ከሦስት ዓመት በፊት ለአጥር ብለን አንድ ገልባጭ አሸዋ አስመጣን። አጥሩ ተሠራ፣ የተረፈው አሸዋ ጓሮ ጥግ ላይ ተከምሮ ቀረ፣ ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ከክምሩ ሥር አንድ ደስ የሚል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ቅጠሉ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ መሬት ላይ ክብ ሆኖ የተነጠፈ። አሪቲ መሰለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ ሁሉ አጠጥቼዋለሁ።

ጳጉሜን ላይ ወገቤ ደርሶ አበባ አወጣ። አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው፣ አንድ ሰው ቅንጬ የበተነበት ነው የሚመስለው። ትንሿ ልጄ ለእንቁጣጣሽ ከአደይ አበባው ጋር ቀላቅላ አሰረችውና ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያምር አለ። ሐረርጌ ያደገ አንድ ጓደኛችን ብቻ ጠጋ ብሎ አየውና «ፈረምሲሳን ሳሎን የሚያስገባ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ ሳቀብን። ፈረምሲሳ በኦሮምኛ «አስፈራሚ» እንደማለት ነው፤ መሬትህን ለሱ ፈርመህ ትለቃለህ ነው ነገሩ። እኛ ቅንጬ አረም እንለዋለን፣ የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው።

አገሩ እዚያ ማዶ ነው፣ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ። እኛ ጋ ሲገባ መጀመሪያ የታየው ድሬዳዋና ሐረርጌ ነው። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው የመጣው የሚሉ አሉ፣ የለም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና ነው የሚሉም አሉ። የኔ ጓሮ ግን በአሸዋ ነው የገባው፣ እሱ ላይ ማንም አይከራከረኝም።

ያን ጊዜ ማጭድ አነሳሁና አጨድኩት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ከሥሩ ካልተነቀለ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ያውም አንድ የነበረው ግንድ አራት ሆኖ፣ አጠር ብሎ ወዲያው ያብባል። ይሄ እንዳይበቃኝ ያጨድኩትን ከነአበባው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። አንድ ደህና ያደገ ቅንጬ ብቻውን 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ሊጥል ይችላል፤ የቤት ብስባሽ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘር የሚገድል ሙቀት የለውም። በሚቀጥለው ክረምት ያንን ብስባሽ ቆስጣና ቃሪያ መደቤ ላይ በተንኩት። የሆነውን ገምቱ። ቆስጣ ልቆርጥ ስገባ ቅንጬ እየገለጥኩ ነበር የምፈልገው።

ለፍየሎቻቸው ልስጥ ብዬ ጎረቤታችንን እማማን ጠየቅኳቸው። «ተወው ልጄ፣ ከብት ወዶ አይበላውም፣ ከበላውም ወተቱ ይመራል» አሉኝ። ልክ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት በባዶ እጄ ስነካካው ከርሜ ምንም አልሆንኩም። በሁለተኛው ክንዴ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ድረስ ሽፍ አለ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ። ይሄ ተክል እንደዚህ ነው፣ ስትደጋግሙት ነው ሰውነት የሚቆጣው። የአበባው ዱቄትም አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ስለዚህ ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ የግድ ነው፣ አፍና አፍንጫም ቢሸፈን አይከፋም። ጓንት ከሌላችሁ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ።

ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ርጭበት ያለኝም አልጠፋም። ጤፍ ማሳ ላይ ሊያስኬድ ይችላል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን እየለየ ነው የሚገድለው። እኔ ጓሮ ያለው ግን ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ነው፣ ሁሉም አብረው ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ ነው። ተውኩት።

የሠራልኝ ነገር ቢነገር እንኳን የሚያስቅ ቀላል ነው፤ ቀኑን መጠበቅ ነው። ቅንጬ ከበቀለ በወር ወይም በወር ተኩል ውስጥ ያብባል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ በተለይ ሌሊት ዘንቦ ካደረ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ዙር እዞራለሁ። ገና መሬት ላይ ተነጥፎ እያለ ከአንገቱ ሥር ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፣ መሬቱ ከራሰ ሥሩ እንደ ካሮት ሙሉውን ይወጣል። ቷ ካለና ሥሩ መሬት ውስጥ ከቀረ በመኮትኮቻ ጫፍ ተከትሎ ማውጣት ነው። ያላበበውን እዚያው ፀሐይ ላይ ጥዬው እሄዳለሁ። ያበበ ካመለጠኝ ግን ሳላራግፍ ቀስ ብዬ ከረጢት ውስጥ እከትና ሲደርቅ አቃጥለዋለሁ።

ዶማ ማብዛትም ትቻለሁ። ከሥር የተቀበረው ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ መሬቱን በገለበጥኩ ቁጥር እሱን ነው ወደ ላይ የማወጣው። ባዶ መሬት ደግሞ ነፍሱ ነው። አሸዋው የነበረበት ጥግ ላይ ስኳር ድንች ተከልኩ። ሐረጉ መሬቱን ሲሸፍነው በሁለት ወር ውስጥ እዚያ ጥግ ላይ የማገኘው ቅንጬ በጣት የሚቆጠር ሆነ፣ ድንቹንም በላነው። በመደቦቹ መሃል ገለባ አነጥፋለሁ።

ያስቸገረኝ ከአጥር ውጭ ያለው ነው። የመንገዱ ዳር ቦይ ሙሉ ነጭ ነው፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ዘሩን በበሩ ሥር ይልክልኛል። ከሜክሲኮ የመጣች ቅጠሉን የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ አለች፣ እዚሁ አጠገባችን ወለንጪቲ ላይ ተራብታ ተለቃለች፣ ቦይ ዳር ቆሜ ጀርባዋ ላይ መስመር ያላትን ነፍሳት ስፈልግ ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ እንጃ። እስካሁን አላገኘኋትም። እሷ እስክትመጣ እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች ከበራችን ግራና ቀኝ ያለውን ሐምሌ ላይ ነቀልነው። የቀረው የቀበሌው ዕጣ ነው።

ዘንድሮ ግቢ ውስጥ በአንድ ዙር የምነቅለው ከሃያ አይበልጥም፣ ድሮ ሁለት ከረጢት ነበር። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለኩሽና አሸዋ ላስመጣ ነው። ገልባጩን ውጭ አስቁሜ፣ ሸራ አንጥፌ፣ እላዩ ላይ አስደፍቼ ነው የምቀበለው። ሾፌሩ ይሳቅብኝ።